ያውቁ ኖሯል? የከረመው ምሕረት ያገኛል፣ ለለቅሶ የወጣው ይታገዳል!

አሜሪካ ውስጥ ቪዛው ካለፈበት አሥራ አምስት ዓመት የሆነው ሰው ዜጋ ቢያገባ፣ ከሚኖርባት ከተማ ሳይወጣ ግሪን ካርድ ሊያገኝ ይችላል! አሥራ አምስት ዓመት! ሕጉ መጀመሪያ የሚጠይቀው ስንት ዓመት እንደከረመ ሳይሆን በየት በር እንደገባ ነው!

ይህ ዕድል በዋናነት ለሦስት ዓይነት ሰው የተሰጠ ነው! ለዜጋ ባል ወይም ሚስት፣ 21 ዓመት ላልሞላው ያላገባ ልጅ፣ እንዲሁም ዜጋ ልጃቸው 21 ዓመት ለሞላው እናትና አባት። ለእነዚህ ኮታ የለም፤ የዓመት ገደብ የለም፤ የቪዛ ወረፋም የለም!

ወንድምስ? እህትስ? የሉበትም! ዜጋ ለወንድሙ ማመልከት ይችላል፤ ግን ለዓለሙ ሁሉ በዓመት የተመደበው ቪዛ ወደ 65,000 ነው። ወረፋው ከአሥራ አምስት ዓመት በላይ ይወስዳል። ወንድምየው አሜሪካ ገብቶ ቪዛው ካለፈበት ደግሞ፣ ተራው ቢደርስም ምሕረቱ አይነካውም!

አባትዎ እርስዎ 17 ዓመት ሲሞላዎት ያገቧት ሴት በሕጉ ዓይን እናትዎ ናት፤ ሊያመለክቱላት ይችላሉ! ከሕፃንነትዎ ጀምሮ አዝላ ያሳደገችዎት አያት ግን የምትሞላበት አንድም ፎርም የለም! አክስትም፣ አጎትም እንዲሁ! በአያቱ እጅ ያደገ ሐበሻ ስንት ነው? ሕጉ ግን አያውቃትም።

ከኢትዮጵያ በማደጎ ወደ አሜሪካ የሄዱት ልጆች በሺዎች ይቆጠራሉ። ብዙዎቹ ዛሬ ትልልቅ ሰዎች፣ ዜጎችም ናቸው። ለወለደቻቸው እናት ግን ማመልከት አይችሉም! በማደጎነታቸው ወረቀት ካገኙ በኋላ የወላጅነቱ ክር ለኢሚግሬሽን ጉዳይ ለዘለዓለም ተቆርጧል። ተፈላልገው ቢገናኙ፣ ዲኤንኤ ቢመሰክር፣ ምንም አይለወጥም! ከሁሉም አንቀጾች እኔን የሚያመኝ ይህ ነው።

ፓስፖርትዎ ላይ የተለጠፈው ቪዛ የሚያበቃበት ቀን፣ አሜሪካ መቆየት የሚችሉበት ቀን አይደለም! ያንን የሚወስነው አይ-94 የሚባለው የመግቢያ መዝገብ ነው። እዚህ “ቪዛው አለፈበት” ስንልም ይህ የመቆያ ቀን አለፈበት ማለታችን ነው። ማህተም ተመቶልዎት ከሆነ ጠጋ ብለው ይዩት፦ ከመግቢያው ቀን ሥር በእስክሪብቶ “ቢ-2” (የጎብኚ ምድብ) ተጽፏል፣ አጠገቡ ሌላ ቀን ተጭሯል። መኮንኑ በጥድፊያ የጫራት ያቺ ቀን ናት ወሳኟ! የሁለት ዓመት ቪዛ ይዞ የገባ እንግዳ በስድስት ወሩ ሕገወጥ ሆኖ ሊገኝ ይችላል!

አንዲት ቀን ብቻ ቢያሳልፉስ? ፓስፖርትዎ ላይ ያለው ቪዛ በዚያች አንዲት ቀን ይሞታል! ገና የሁለት ዓመት ዕድሜ ቢቀረውም ዋጋ የለውም። ሌላ ለመጠየቅ ባብዛኛው ወደ ዜግነት አገርዎ ኤምባሲ መመለስ ግድ ነው!

ከአሜሪካ ሲወጡ ፓስፖርትዎ ላይ የመውጫ ማህተም የሚመታ ሰው የለም! መንግሥት መሄድዎን በዋናነት የሚያውቀው አየር መንገዱ ከሚልክለት የተሳፋሪዎች ስም ዝርዝር ነው!

አሁን ወደ ትልቁ ጉድ እንምጣ! ከ180 ቀን በላይ ሕገወጥ ሆኖ ቆይቶ የወጣ ሰው ሦስት ዓመት አይመለስም። ዓመትና ከዚያ በላይ ቆይቶ የወጣ አሥር ዓመት! ፕሬዚዳንት ክሊንተን ይህን ሕግ በሴፕቴምበር 1996 ፈረሙት፤ ሥራ የጀመረው ኤፕሪል 1 ቀን 1997 ነው (ዓመቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው)። በ180ኛው ቀን የተሳፈረ ነፃ ነው፤ በ181ኛው የተሳፈረ የሦስት ዓመት ዕዳ አለበት!

ደግሞ ልብ ይበሉ፦ ቅጣቱን የሚያመጣው መቆየቱ አይደለም፣ መውጣቱ ነው! ሃያ ዓመት የከረመ ሰው ከአገሪቱ እስካልወጣ ድረስ የአሥር ዓመቱ እገዳ አይነካውም። “ሕግ ላክብር፣ አገሬ ልግባና በሥርዓቱ ልመለስ” ብሎ ሻንጣውን ያሠረ ሰው ግን አውሮፕላኑ በተነሣበት ቅጽበት አሥር ዓመት ይታገዳል!

ብዙ ቤት ያፈረሰው ይህ ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም አሌክሳንድሪያ፣ በማለዳ፣ ፀሐይ ሳትወጣ፣ ዘመድ ጓደኛ ተሰብስቦ በር ያንኳኳል። መርዶ ነው፤ እናቱ አርፋለች። ሰውየው ዜጋ ሚስት አለችው፣ ማመልከቻው ገብቷል፣ አሻራ ሰጥቷል፣ ኢንተርቪው ብቻ ነው የቀረው። በዚያው ዕለት ትኬት ቆርጦ ከተሳፈረ ማመልከቻው እንደተወው ይቆጠራል! ከማመልከቱ በፊት ቪዛው ዓመት አልፎበት ከነበረ፣ ከላዩ ላይ የአሥር ዓመት እገዳ ይደረብበታል! እባክዎ፣ መርዶ የሚነግሩት ሰው ወረቀቱ በፕሮሰስ ላይ ከሆነ፣ ትኬት ከመቆረጡ በፊት አንድ ሰው ለጠበቃው ይደውል።

ያው ሰው አድቫንስ ፓሮል የሚባለውን ፈቃድ አስቀድሞ ይዞ ቢወጣስ? አልወጣም! የኢሚግሬሽን ይግባኝ ቦርድ በ2012 የወሰነው እንዲህ ነው፦ በዚያ ፈቃድ የሄደ ሰው የአሥር ዓመቱን እገዳ በሚቀሰቅሰው ትርጉም ከአገር እንደወጣ አይቆጠርም! አዲስ አበባ ገብቶ፣ እናቱን ቀብሮ፣ አርባዋን አውጥቶ ይመለሳል፤ ለእገዳው ግን ከአሜሪካ አልተነቃነቀም! ፈቃዱን ለሐዘን በአስቸኳይ መጠየቅም ይቻላል። መመለሱ መቶ በመቶ የተረጋገጠ አይደለም፤ በሩ ላይ ያለው መኮንን ዳግም ያየዋል።

ከ18 ዓመት በታች ያለ ልጅ ለእገዳው ቀን አይቆጠርበትም! በአራት ዓመቱ ገብቶ ቪዛው ያለፈበት ሕፃን፣ 18 ዓመት እስኪሞላው ያሳለፈው ሁሉ ለሦስትና ለአሥር ዓመቱ እገዳ ሲሰላ ዜሮ ነው!

ጥገኝነት ጠይቆ መልስ የሚጠብቅ ሰውም አይቆጠርበትም! ማመልከቻው እውነተኛ ከሆነና ያለ ፈቃድ ካልሠራ፣ ሰባት ዓመት ቢጠብቅ ሰባቱም ዓመት ከስሌቱ ውጭ ነው!

በኤፍ-1 የገባ ተማሪ ለዐሥርት ዓመታት የመውጫ ቀን ሳይሰጠው ነው የኖረው! መዝገቡ ላይ በቀን ፈንታ “ዲ/ኤስ” ሲጻፍለት ኖሯል፤ ተማሪ እስከሆነ ድረስ ይቆይ ማለት ነው። በዚህ አሠራር ትምህርቱን ያቋረጠ ተማሪ እንኳ፣ ኢሚግሬሽን ወይም ዳኛ በይፋ እስካልወሰነበት ድረስ የእገዳው ቆጠራ አይጀምርበትም!

የእገዳ ይቅርታ የሚባል ነገርም አለ። ከማርች 2013 ወዲህ የዜጋ ቤተሰብ ገና ከአሜሪካ ሳይወጣ ሊጠይቀው ይችላል። ግን “እሱ ከሌለ ከባድ ችግር ይደርስብኛል” ማለት የሚችለው ማን እንደሆነ ያውቃሉ? የአመልካቹ ባል፣ ሚስት ወይም ወላጅ ብቻ! ልጅ አይቆጠርም! የአምስት ዓመት አሜሪካዊት አባቷን ብታጣ፣ የእሷ ችግር በራሱ ሚዛን ላይ አይወጣም። የሚመዘነው የእሷ ሐዘን በእናቷ ላይ የሚያደርሰው ጫና ነው!

ያለ ፈቃድ መሥራትስ? ለሦስቱ ዓይነት ዘመዶች ይታለፋል! ዓመታት ሳህን ቢያጥቡ፣ ፓርኪንግ ቢሠሩ፣ ግሪን ካርዱን በዚህ ብቻ አይከለከሉም።

ግን ሥራ ሲቀጠሩ የሚሞሉትን አይ-9 ፎርም ይመልከቱት። ከስምና ከአድራሻ በታች ትንንሽ አራት ማዕዘኖች ተደርድረዋል። የመጀመሪያዋ “የአሜሪካ ዜጋ ነኝ” ትላለች። ከሴፕቴምበር 30 ቀን 1996 ወዲህ እዚያች ላይ በሐሰት ምልክት ያደረገ ሰው የዕድሜ ልክ እገዳ ሊወድቅበት ይችላል! ለግሪን ካርድ አመልካች ለዚህ ይቅርታ የለም። ዜጋ ባልም፣ ዜጋ ልጅም አያድንም! አሥር ዓመት ያለ ፈቃድ መሥራት ይታለፋል፤ የአንድ ሴኮንድ የእስክሪብቶ ጭረት አይታለፍም! ፎርም በሰው እጅ የሚያስሞሉ ሁሉ፣ ከመፈረምዎ በፊት ያቺን ማዕዘን ራስዎ ይዩዋት።

ሁለት የአክስትና የአጎት ልጆች እናስብ። አንዱ በአውሮፕላን ዳላስ ኤርፖርት ገብቶ ቪዛው አሥር ዓመት አልፎበታል። ሌላው ከብራዚል ተነሥቶ፣ የዳሪየንን ጫካ በእግሩ አቋርጦ፣ በሜክሲኮ ድንበር ሳይታይ ገብቶ ገና ሳምንቱ ነው። ሁለቱም ዜጋ አገቡ። የአሥር ዓመቱ እዚያው ሆኖ ግሪን ካርድ መጠየቅ ይችላል፤ የሳምንቱ አይችልም! ፍተሻ ሳይደረግበት የገባ፣ ሌላ መንገድ ካልተገኘለት፣ በጋብቻው ብቻ አገር ውስጥ ሆኖ አይጨርስም።

በጓደኛ መኪና ተሳፍሮ ድንበር የደረሰ፣ መኮንኑ ሾፌሩን ብቻ ጠይቆ “እለፉ” ያለው ተሳፋሪስ? ተፈትሾ እንደገባ ይቆጠራል! አንድም ጥያቄ ሳይጠየቅ! ይህም በ2010 በይግባኝ ቦርድ ተወስኗል። ማስረጃ ማምጣት ግን የአመልካቹ ዕዳ ነው።

ከዓመት በላይ ሕገወጥ ሆኖ ቆይቶ የወጣና በድብቅ ተመልሶ የገባ ግን ወዮለት! የእሱ እገዳ የዘለዓለም ነው! ከአገሪቱ ወጥቶ አሥር ዓመት ሳይሞላው ይቅርታ መጠየቅ እንኳ አይፈቀድለትም!

አሮጌ ወረቀት አይጣሉ! እስከ ኤፕሪል 30 ቀን 2001 ድረስ ዘመድ ወይም ቀጣሪ ያመለከተለት ሰው፣ በድብቅ የገባ ቢሆን እንኳ፣ የ1,000 ዶላር ቅጣት ከፍሎ አገር ውስጥ ሆኖ ግሪን ካርድ ሊያገኝ ይችላል! ያኔ ለአባትዎ የተሞላ ፎርም፣ እርስዎ ሕፃን ልጃቸው ሳሉ የገባ ከሆነ፣ ዛሬ እርስዎን ሊያድን ይችላል! ያ ማመልከቻ ፍጻሜ ባያገኝም እንኳ! ሣጥን ሥር ያለውን ፖስታ ይፈትሹ።

ከጃንዋሪ 1 ቀን 1972 በፊት አሜሪካ የገባና ሳያቋርጥ የኖረ ሰው፣ በድብቅ ቢገባም፣ ዘመድ ባይኖረውም፣ ግሪን ካርድ መጠየቅ ይችላል! ጃንሆይ ገና ዙፋን ላይ ሳሉ ማለት ነው! ቀኑን የአሜሪካ ምክር ቤት መጨረሻ ያሻሻለው በ1986 ነው፤ ከዚያ ወዲህ ፈቀቅ አላለም!

በበረራ ሠራተኛነት ወይም በመርከበኛነት ቪዛ የገባ ሰው ዜጋ ቢያገባም አገር ውስጥ ሆኖ ግሪን ካርድ አያገኝም! ያው አውሮፕላን፣ ያው በር! ተሳፋሪው ይችላል፣ ቡና ያቀረበችለት አስተናጋጅ አትችልም!

በእጮኛ ቪዛ የመጣች ሴት በ90 ቀን ውስጥ ያመጣትን ሰው ማግባት አለባት። ትታው ሌላ ዜጋ ብታገባስ? በአዲሱ ባሏ በኩል አገር ውስጥ ሆና ግሪን ካርድ አታገኝም! ቪዛዋ ለአንድ ሰው ብቻ የተሰፋ ነው!

እስራኤል በ2023 ያለ ቪዛ ወደ አሜሪካ ከሚገቡ አገሮች ተርታ ገብታለች። ከሐይፋ ወይም ከአሽዶድ የሚነሣ ኢትዮጵያዊ እስራኤላዊ ኢንተርኔት ላይ ፈቃድ ጠይቆ ለ90 ቀን መግባት ይችላል። ግን ሲገባ አንድ መብት ትቷል፦ ቀኑ ካለፈበት፣ ከጥገኝነት በስተቀር፣ ዳኛ ፊት ቆሞ መባረሩን መከራከር አይችልም! ዜጋ ካገባ ማመልከት ይችላል፤ እስኪጸድቅ ግን ያለ ጋሻ ነው!

ዲቪ የደረሰውስ? ቪዛው ካለፈበት በኋላ ዲቪ ቢወጣለት አሜሪካ ሆኖ አይቀበለውም! ዓመት አልፎበት ከሆነ፣ “አገር ቤት ሄጄ ልቀበል” ሲል የአሥር ዓመቱ እገዳ ይጠብቀዋል! እድለኛ ሆኖ እጁ ባዶ!

ባሏ ግሪን ካርድ ብቻ ያለው ሴት ቪዛዋ ካለፈባት ምሕረቱ አይደርሳትም። ባልየው ቀኝ እጁን አንሥቶ የዜግነት መሐላውን ሲፈጽም ግን ይደርሳታል! ጠዋት የተዘጋው በር ከሰዓት ይከፈታል! ያው ባል፣ ያቺው ሚስት፣ ያው ያለፈ ቪዛ!

የ20 ዓመት ከ11 ወር ልጅ ዜጋ እናቱ ካመለከተችለት ዕድሜው በዚያች ቀን ቆመ! ኢንተርቪው በ23 ዓመቱ ቢጠራ አሁንም “ልጅ” ነው! ይህ ከ2002 ጀምሮ ሕግ ነው። በመሐል ሚስት ካገባ ግን ልጅነቱ ዕለቱኑ ያበቃል!

በ2005 ሲያትል የተወለደ ሕፃን እናት ቪዛዋ ያለፈው ያኔ ቢሆንስ? ልጁ ሲወለድ ዜጋ ነው፤ ለእናቱ ግን ምንም ሊያደርግ አይችልም። በ2026 21 ዓመት በሞላው ማለዳ ፎርሙን ማስገባት ይችላል! የሃያ አንድ ዓመቷ ያለፈ ቪዛ ይታለፋል!

ዜጋ ሴት እናቷን ስታመጣ የ10 ዓመት ታናሽ እህቷ በእናቷ ፋይል ላይ አትገባም! ዲቪ የደረሰው እንግዳ ሚስቱንና ልጆቹን በአንድ ፋይል ይዞ ይሄዳል፤ የዜጋ እናት ግን ትንሿን ልጇን ትታ ትሳፈራለች፤ ከዚያ ራሷ አመልክታ ወረፋ ትጠብቃለች! እውነት ነው!

የቤተሰብ ማመልከቻው ጸደቀ ማለት ወረቀት ተገኘ ማለት አይደለም! “አፕሩቭድ” የሚለው ደብዳቤ በእጅ ይዞም መታሰር ይቻላል! ደብዳቤው ዝምድናውን ብቻ ያረጋግጣል፤ የመኖር ፈቃድ አይሰጥም።

ዜጋው ባል በድንገት ቢሞትስ? ሚስቲቱ በሁለት ዓመት ውስጥ በራሷ ስም ማመልከት ትችላለች! በፊት ሁለት ዓመት በትዳር ያልቆየች ባልቴት ሁሉን ታጣ ነበር፤ በ2009 ተሻረ። አሁን የአንድ ወር ሙሽራም ትችላለች!

ዜጋ ወይም ግሪን ካርድ ያለው ባሏ የሚደበድባት ሴት “ወረቀትሽን አስቀድደዋለሁ” ሲላት እንደ በፊቱ መፍራት የለባትም! ከ1994 ጀምሮ እሱ ሳያውቅ ራሷ ማመልከት ትችላለች። መንግሥት ለባልየው እንዳይነግር በሕግ ተከልክሏል! በድብቅ የገባች ብትሆንም ይሠራል! የተበደለ ባልም ይችላል፤ ዜጋ ልጃቸው የሚያሠቃያቸው እናትና አባትም ይችላሉ! ይህን አንድ ፍሬ ነገር ለሚያውቋት ሴት ሁሉ ይንገሩ።

ስፖንሰር ሆነው የፈረሙት ወረቀት በፍቺ አይፈርስም! ገቢዎ ከድህነት ወለሉ 125 በመቶ መድረሱን አሳይተው ለባልዎ ከፈረሙ፣ ተፋታችሁም ዕዳው በአንገትዎ ነው! የሚነሣው እሱ ዜጋ ሲሆን፣ ወደ አሥር ዓመት ገደማ የሚሆን 40 ሩብ ዓመት የሥራ ክሬዲት ሲሞላለት፣ ነዋሪነቱን ትቶ ከአገር ሲወጣ፣ ወይም ከሁለት አንዳችሁ ስትሞቱ ነው!

ጋብቻዎ ሁለት ዓመት ሊሞላው አንድ ቀን ሲቀረው ግሪን ካርዱ ከጸደቀ የሁለት ዓመት ካርድ ይሰጥዎታል፤ ትዳሩ እውነተኛ መሆኑን ዳግም ያስመሰክራሉ! በሁለት ቀን ቢዘገይ የአሥር ዓመቱ ይደርስዎ ነበር!

በጁን 2024 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ምን እንደወሰነ ያውቃሉ? ዜጋ የሆነ ሰው የውጭ አገር የትዳር ጓደኛውን ወደ አገሩ የማስገባት ሕገ መንግሥታዊ መብት የለውም! ኤምባሲ ተቀምጦ “አይሆንም” ያለውን ቆንስል ፍርድ ቤት ማቆም እጅግ አዳጋች ነው! አገር ውስጥ ሆኖ መጨረስ ለምን እንደሚሻል አዩ?

ግሪን ካርድ ያገኘች የዜጋ ሚስት አምስት ዓመት አትጠብቅም፤ ከባሏ ጋር አብራ እየኖረች ከሆነ በሦስት ዓመቷ ለዜግነት ታመለክታለች! ቪዛዋ አልፎባት የነበረችው ራሷ! ልጇን ልታርስ በጉብኝት ቪዛ መጥታ በዚያው የቀረች እናት ቤቷ ካለች ደግሞ፣ ልጅየዋ መሐላዋን በፈጸመች ማግስት ፎርሙን ማስገባት ትችላለች፤ የእናትየውም ያለፈ ቪዛ ይታለፋል!